ያልታዘዘው ሳህን

ሰናፍጭ ሲለወስ አፍንጫዬን ቆንጥጦ ዓይኔን ባስለቀሰኝ ቁጥር፣ ደብረ ታቦር ገበያ ዳር የነበረችው የእናቴ ጠላ ቤት ትመጣብኛለች። በራችን ላይ በእንጨት የተሰካ ጣሳ ነበር፤ ጣሳው ካለ ጠላ አለ ማለት ነው። እናቴ ግን በባዶ ሆድ የተጠጣ ጠላ ጠብ ይወልዳል ብላ ታምን ስለነበር፣ ለጠጪው ሁሉ ሳይጠይቅ አንዲት ትንሽ ሳህን ቁርስ አብራ ትቀርብለት ነበር። አቅራቢዋ እኔ ነበርኩ፤ ጉራዬን ባያችሁት!

በበጋ የገብስና የሽምብራ ቆሎ፣ በጾም የባቄላ ንፍሮ፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ ከገሳይ ደጋ የሚመጣ ድንች ተቀቅሎ በሰናፍጭ እየተለወሰ ይቀርብ ነበር። ጎረቤቶቻችን «ይቺ ሴትዮ አብዳለች፣ በነጻ ታበላለች» እያሉ ያሟት ነበር። ይበሉዋ! በገበያ ቀን መቀመጫ የሚታጣው እኛ ቤት ነበር።

አንድ ክረምት እናቴ ታማ ሰነበተችና፣ በገበያው ቀን ጠላው ደርሶ ሳለ ከቤት አንዲት ድንች፣ አንዲት እፍኝ ሽምብራ እንኳ ታጣች። ጠላው በዚያ ቀን ካልተጠጣ መሆምጠጡ ነው፤ የምንኖረውም በእሱ ነው። እናቴ ግን ያለ ቁርስ አላቀርብም ብላ፣ «ውጪና ጣሳውን አውርጂው» አለችኝ። እያለቀስኩ አወረድኩት።

ሁልጊዜ በሩ አጠገብ የሚቀመጡት አያ ደምሴ የሚባሉ ሽማግሌ ገበሬ እንዲህ ስሆን አግኝተውኝ ምን እንደሆንኩ ጠየቁኝ፤ ስነግራቸው ወደ ገበያው ተመለሱ። ብዙም ሳይቆዩ ደንበኞቻችንን አስከትለው መጡ፤ አንዱ ለሽያጭ ካመጣው ድንች፣ ሌላዋ ከባቄላዋ፣ እሳቸው ከሽምብራቸው በጋቢያቸው ጫፍ ቋጥረው። ስታበላ ለኖረችው እናቴ ይህን መቀበል ሞት መሰላት።

«አንቱ፣ እኔ ለማኝ ሆንኩ?»

«ስታበዪን ስትኖሪ እኛ ለማኞች ነበርን እንዴ፣ ልጄ?» አሏት አያ ደምሴ።

እናቴ መቀነቷን አጥብቃ ተነሥታ እሳት አነደደች። እኔም ሮጬ ጣሳውን መለስኩት። የመጀመሪያዋን ሳህን ግን ካመጡት ለአንዱም አልሰጠችም፤ ጣሳውን አይቶ ገብቶ ጥግ ለያዘ፣ ከሌላ አገር ለመጣ አንድ አዲስ መምህር አስያዘችኝ።

«እትዬ፣ እኔ ይህን አላዘዝኩም» አላት ግራ ገብቶት።

«ያላዘዙት የቤቱ ነው፤ ይብሉ» አለችው።

በዚያ ቀን በእናቴ የኮራሁትን ያህል በማንም ኮርቼ አላውቅም።

ዛሬ እዚያው ደብረ ታቦር የራሴ ምግብ ቤት አለኝ። ጣሳው በመብራት ማስታወቂያ ተተክቷል፣ ከጠላው ይልቅ የሚጠየቀው ቢራ ነው፤ ድንቹ ግን ዛሬም የገሳይ ነው። ባለፈው ሳምንት ስፔን ተምሮ የተመለሰ የዩኒቨርሲቲ መምህር ቢራ አዝዞ፣ እዚያ አገር ከመጠጥ ጋር ታፓስ የሚሉት ትንሽ ሳህን እንደሚቀርብ እያደነቀ ሲያጫውተኝ፣ ሆዴ እየሳቀ አዳመጥኩት። መሐል ላይ ልጄ ድንቹን በሰናፍጭ አምጥታ ፊቱ አስቀመጠችለት።

«ይቅርታ፣ ይህን አላዘዝኩም» አላት።

አያቷን አይታት የማታውቀው ልጄ ወደ እኔ እንኳ ሳትዞር፣ «ያላዘዙት የቤቱ ነው፤ ይብሉ» አለችው።