በልቼ የጠጣሁት ውሃ

ዘመኑ ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት፣ ዕድሜዬም ስልሳ ስምንት ነበር። ከገንዳ ውሃ ከተማ ወደ ጎንደር የተነሣሁት ደሜን በማሽን ላሳጥብ ነው፤ ኩላሊቴ መሥራት ካቆመ ቆይቷል። ሐኪሞቹ “ጎንደር ይቀመጡ” ቢሉኝም ሰሊጡ ደርሶ ስለነበር እምቢ ብዬ እመላለስ ነበር። ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ስለሆነ አጻጻፌን አትዩብኝ።

ጧት

የጎንደሯ ነርስ “ውሃ በልክ” ብላኛለችና አንዲት ትንሽ የፕላስቲክ ጠርሙስ ብቻ ያዝሁ። ከመናኸሪያው በር ግን አንድ ሐብሐብ ገዛሁ። እኛ ቆለኞች ሐብሐብን ከምግብ ነው የምንቆጥረው። አውቶቡሱ ሳይርቅ ግማሹን ጨረስሁት።

“አባቴ፣ ቅመሽ አይሉኝም?” አለችኝ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት።

“እኔ በሽተኛ ነኝ፤ ውሃ ተከልክያለሁ።”

“እንዲህ ያለውን ክልከላ ለእኔም ባዘዙልኝ” ብላ ሳቀች።

ነጋዴ ባሕር ከተማ ሳንደርስ

መንገድ ተዘጋ ተባለና ሹፌሩ ሞተሩን አጠፋ። መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅ የለም። ፀሐይዋ ከፍ እያለች ሄደች፤ የማሽኑ ተራ ካለፈኝ ሌላ ሰው ይገባበታል። ጫማዬ ጠበበኝ። ቁርጭምጭሚቴን በጣቴ ብጫነው እንደጎደጎደ ቀረ። ትንፋሼም አጠረ። ሙቀቱ መስሎኝ የቀረውን ሐብሐብ በላሁ።

መንገዱ ሲከፈት ሴትዮዋ ሹፌሩን “ይኼ ሰውዬ እጃችን ላይ እንዳይሞት፣ ቶሎ ንዳ” አለችው። እኔን መናገር ከብዶኝ ነበር።

ጎንደር

ነርሷ ሚዛን ላይ አቆመችኝና ፊቷ ተለወጠ።

“አባባ፣ ምን ጠጡ?”

“ጠርሙሴን እያት፣ አልጎደለችም።”

“ምን በሉ?”

“ሐብሐብ።”

“ስንት ቁራጭ?”

“ሙሉውን።”

ከጎኔ ባለው ማሽን ላይ የተኛው ሰውዬ “እኔን በሾርባ ነው የያዘችኝ” አለ። እሷ አልሳቀችም። ደሜ በቱቦ ሲዞር አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

“እርስዎ ሽንት የለዎትም። የገባው ሁሉ እዚያው ይጠራቀምና ሳንባዎን ያፍነዋል። ሐብሐብ፣ ሾርባ፣ ሻይ፣ ከርከዴ፣ ሁሉም ውሃ ነው። ሐብሐብ ደግሞ ሲበዛ ልብ የሚያቆም ነገር አለበት። ጨው ይቀንሱ፣ ጥሙም ይቀንሳል። በየጧቱ ይመዘኑ፣ እግርዎንም ይጫኑት፤ ጎድጉዶ ከቀረ ውሃ አለ። እዚህ በሌሉ ጊዜ ሐኪምዎ እርስዎ ነዎት።”

“እኔ ሐኪም?”

“ገንዳ ውሃ ላይ ሌላ ማን አለ? በሉ አሁን መልሰው ይንገሩኝ።”

እንደ ተማሪ ስታስደግመኝ ተናደድሁ፤ ግን ደገምሁ። ሻይን ዘለልሁት። ከመጀመሪያው አስጀመረችኝ።

ቤት

ስመለስ ባለቤቴ የውብዳር “ደክመዋል፣ ሐብሐብ አስቀምጬልዎታለሁ” አለችኝ። የሰማሁትን ሁሉ ነገርኋት፣ ሻይ ሳይቀር።

“እንግዲያ ጎንደር ይቀመጡ። ሰሊጡን እኔ አሳጭዳለሁ” አለች።

መንገድ ተዘግቶ የተቀመጥሁበት ሰዓት ከዓይኔ አልጠፋም። ውሃ ሲታጣ እንደሚገድል ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ፤ ሲጠጡትም እንደሚገድል ያወቅሁት በዚህ ጉዞ ነው።

በማግስቱ ጧት ቁርጭምጭሚቴን ተጫንሁት፤ አልጎደጎደም። ሐብሐቡን ተሸክሜ ለአጫጆቹ ወሰድሁላቸው። አንዱ ወሎዬ ትልቁን ቁራጭ ዘረጋልኝ። “እኔ የዛሬን ጠጥቻለሁ” አልሁትና ጎንደር ለመቀመጥ ልብሴን ልሸክፍ ወደ ቤት ተመለስሁ።