እማሆይ መርከቢቱን ያስረከቡበት ክፍል

ባለፈው ኅዳር ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም ስሄድ፣ ሚኒባሱ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት ልጃገረዶች አንድ ስልክ ላይ ተደፍተው ይከራከሩ ነበር። ክርክሩ ስለ አንድ ተከታታይ ፊልም ነው። አንደኛዋ «ክፍል አራት ላይ መሞት አልነበረበትም» ትላለች፤ ሌላዋ «እሱ ባይሞት ክፍል አምስት ምን ሊሆን ነው?» ትላለች። ማንኩሳን እስክናልፍ አላቆሙም። በመጨረሻ ከኋላ የተቀመጠ ባለኮት ሰውዬ «ኧረ እናንተ ልጆች፣ በማይረባ ነገር አታድርቁን!» አላቸው። ታናሽየዋ ዞር ብላ፣ ድምጿን ሳትጨምርም ሳትቀንስም፣ «ለእኔ ይረባኛል» አለችው።

እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ ሳቄን ዋጥኩ። በየደጁ የተሰጣው በርበሬ መንገዱን ግራና ቀኝ አቅልቶታል፤ ሽታው መስታወቱን አልፎ ይገባል። እኔ በእሷ ዕድሜ ያቺን መልስ ለማግኘት አንድ ሙሉ የትምህርት ዘመን ፈጅቶብኛል።

ያኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። አባቴ ከቡሬ ወደ ሽንዲ በሚወስደው መንገድ ዝቅ ብሎ ባለ ቀበሌ በርበሬና በቆሎ የሚያመርት ገበሬ ነው። እኔ ፍኖተ ሰላም ተመድቤ፣ ትርንጎ ከምትባል የአገሬ ልጅ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይተን እንማር ነበር። በየአሥራ አምስት ቀኑ ወደ ቤት ሄደን ስንቅ እናመጣለን፦ በሶ፣ ሽሮ፣ ድርቆሽ። በሶ ያልሰለቸው የጎጃም ተማሪ ነበር ቢሉኝ እስከ ዛሬም አላምንም።

ከገበያው ጀርባ አንድ ቪዲዮ ቤት ነበር። ግድግዳው ጭቃ፣ ወንበሩ የባሕር ዛፍ አጣና፣ መስኮቱ በሸራ የተጋረደ። የሚገባው ወንድ ብቻ ነው። «ቪዲዮ ቤት የገባች» ማለት በዚያን ጊዜ ለሴት ልጅ እስክታገባ የማይለቃት ቅጽል ነበር። እኔም ባልገባሁ ነበር። ነገር ግን አንድ ቅዳሜ ከገበያ ስንመለስ በሩ ላይ በጠመኔ የተጻፈ ማስታወቂያ አነበብኩ፦ «መርከቢቱ፦ ከሰማይ በላይ የምትሄድ። ክፍል አንድ። ዛሬ ከሰዓት።»

«ከሰማይ በላይ መርከብ ምን ትሠራለች? ውኃው የት አለና?» አልኳት ትርንጎን።

«ምን አገባሽ? ነይ እንሂድ፣ ሰው እያየን ነው።»

«ይየን» ብዬ ገባሁ። ትርንጎ ነጠላዋን ዓይኗ ድረስ ሸፍና ተከተለችኝ።

ፊልሙ ምድር ውኃዋ ስለነጠፈባት፣ ዘርና ሰው ጭና ወደ ሌላ ዓለም ስለምትጓዝ መርከብ ነበር። አዛዧ ፀጉራቸውን የተላጩ አሮጊት ናቸው። ተመልካቹ ስማቸውን መያዝ ስላቃተው «እማሆይ» ብሎ ሰይሟቸዋል፤ ፊታቸው ላይ ያለው ነገርም እውነት የመነኩሴ ነበር። ጭንቅላቱ አራት ማዕዘን የሆነውን ማሽን «ጀሪካን»፣ ደረቱን ነፍቶ የሚሄደውን ወጣት መኮንን «ቀብራራው» አሉት። ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ደሴ የሚባል ጎልማሳ ቆሞ ይተረጉማል። ደሴ ድምፁ ያማረ፣ ቀልድ የሚያውቅ፣ የከባድ መኪና ረዳት ሆኖ ብዙ አገር የዞረ ሰው ነበር።

ያን ቀን ማታ ከደብተሬ ጀርባ ጻፍኩ፦ «ክፍል አንድ። ጅማሬው ይንዛዛል። ጀሪካን ከሰዎቹ ይልቅ ሰው ይመስላል። ዘሩን የጫኑበት ክፍል ውስጥ ጤፍ አላየሁም፤ ጤፍ ሳይዙ የት ሊደርሱ ነው?»

የሁለተኛው ቅዳሜ ማስታወሻዬ አጭር ነው፦ «የውኃ ማጠራቀሚያቸው አፈሰሰ። ማን እንደቀደደው አውቄያለሁ፤ ግን አልናገርም።» ለማን እንደማልናገር እንጃ። ከእኔ በቀር የሚያነበው ሰው አልነበረም።

ሦስተኛው ክፍል ላይ ነገር መጣ። መርከቧ ተሰንጥቃ አራት ሠራተኞች ውጭ ቀርተዋል። መኮንኖቹ በሩ ይዘጋ ይላሉ። እማሆይ ተነሥተው ረጋ ባለ ድምፅ ተናገሩ። ደሴም ተረጎመ፦ «እኔ ሴት ነኝ፣ አልቻልኩም፤ ከእንግዲህ ወንድ ይምራችሁ!» ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

የእኔ እንግሊዝኛ ያን ያህል አልነበረም፤ ከሚሉት ግማሹን ብሰማ ነው። ያንን ግን ጥርት አድርጌ ሰምቼዋለሁ። እግሬ መቼ እንዳቆመኝ አላውቅም።

«እንደዚያ አላሉም!»

ቤቱ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ትርንጎ ቀሚሴን ትጎትታለች።

«ታዲያ ምን አለች?» አለ ደሴ እየሳቀ።

«‹እኔ እዚህ ቆሜ ሳለሁ በሩ በሰው ላይ አይዘጋም› ነው ያሉት።»

የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት «ወይ ተቀመጭ፣ ወይ ውጭ» ሲል፣ ዱላቸውን ተደግፈው ከፊት የተቀመጡ አንድ ገበያተኛ ሽማግሌ ጣልቃ ገቡ። «ቆይ እስቲ። ሴትዮዋ አልቻልኩም ብላ እንደሆነ አሁን ትቀመጣለች። የልጅቱ እውነት እንደሆነ ሴትዮዋ ልታድናቸው ትወጣለች። ዓይን ያለው ይይ።»

ሁላችንም ወደ ቴሌቪዥኑ ዞርን። እማሆይ የብረት ልብሳቸውን ለበሱና በሩን ከፍተው ወጡ። ከዚያ በኋላ ያን ዕለት አንድም ሰው አልሳቀም።

እንድቆይ ተፈቀደልኝ፤ አፌን እንድዘጋ ግን ተነገረኝ። አፌን ዘጋሁ። በማግስቱ ግን ማስታወሻዬን አስተካክዬ ጻፍኩና ሰኞ ለትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ ወሰድኩት። ሚኒ ሚዲያ ማለት አንዲት ጠባብ ክፍል፣ አንድ ማይክሮፎንና ግራር ላይ የተሰቀለ ድምፅ ማጉያ ነው፤ በእረፍት ሰዓት ማስታወቂያና ግጥም ይነበብበታል። አምስት ደቂቃ ሰጡኝ። «ስመኝ አዳሙ ነኝ። መርከቢቱ፣ ክፍል ሦስት። የሆነው ይህ ነው፤ እኔ የማስበው ደግሞ ይህ ነው» ብዬ ጀመርኩ።

በሳምንቱ ተማሪው ግራሩ ሥር ቆሞ ይጠብቀኝ ጀመር። ክፍል አምስትን «እማሆይ የተሳሳቱበት ክፍል» ብዬ ስወቅሳቸው፣ ከግቢው ወዲያ ማዶ «ውሸት!» ብሎ የጮኸ ተማሪ ነበር። ያ ጩኸት እንዴት ደስ እንዳለኝ! ክፍል ሰባት ላይ ቀብራራው ሰውን ሁሉ ጥሎ በትንሿ ጀልባ ሊያመልጥ ሲል ተያዘ። ያን ሰኞ በንዴት አነበብኩ፦ «ይህን ሰው ይቅር እንዳይሉት። ይቅር ካሉትም ምንም እንዳያሲዙት።»

ክፍል ዘጠኝ ቅዳሜ መብራት ጠፍቶ ለረቡዕ ተዛወረ። ረቡዕ ከሰዓት ትምህርት ነበረኝ። የሥነ ዜጋውን ክፍለ ጊዜ ትቼ ሄድኩ።

ሐሙስ ጧት ርዕሰ መምህሩ አስጠሩኝ። አርብ ደግሞ አባቴ ከቡሬ ተጠርቶ መጣ፤ ጋቢውን እንዳጣፋ፣ የመንገድ አቧራ እግሩ ላይ እንዳለ፣ ቢሯቸው ገባ። ርዕሰ መምህሩ ክፉ ሰው አልነበሩም። ያኔ ክፉ ይመስሉኝ ነበር።

«አቶ አዳሙ፣ ልጅዎ ጎበዝ ናት» አሉት። «ነገር ግን ቪዲዮ ቤት መዋሏን በድምፅ ማጉያ ታውጃለች። ይህን የሰማ ገበሬ ነገ ሴት ልጁን ከትምህርት ቤት ያስወጣል። እኔ በየቀበሌው ዞሬ፣ ለምኜ ያመጣኋቸው ሴቶች አሉ። ሰኞ በዚያው ማይክሮፎን ይቅርታ ትጠይቅ፤ ፊልሙም መጥፎ እንደሆነ ትናገር። አለዚያ ለዓመቱ ትታገዳለች።»

አባቴ መሬት መሬት እያየ «እሺ ጌታዬ» አለ።

እኔ ዝም አላልኩም። «ፊልሙን አይተውታል?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ማየት አያስፈልገኝም። አንች ልጅ፣ አባቶቻችን ‹ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ› ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም።»

«ወንዱ ሲሳሳትስ በማን ይለቅ?»

አባቴ ቀና ብሎ አየኝና ወዲያው ዓይኑን መለሰ። ርዕሰ መምህሩ ብዕራቸውን አንሥተው አስቀመጡት፤ እንደገና አነሡት። «ሰኞ» አሉ በመጨረሻ።

እስከ መናኸሪያው ድረስ አባቴ ከፊት ከፊቴ ሄደ። እኔ ከኋላው እየተከተልኩ ስድቡን እጠብቃለሁ። መኪናው ሊነሣ ሲል ጋቢውን አስተካክሎ እንዲህ አለኝ፦

«ጥያቄሽን አልመለሱልሽም።»

«አዎ አባባ።»

«ያጠፋሽውን ይቅርታ ጠይቂ። ያላጠፋሽውን እኔ አላውቅም።» ሌላ ምንም ሳይጨምር መኪናው ላይ ወጣ።

አባቴ ቅኔ ቤት አልገባም፤ ግን ቅኔ ለሚያውቁ ካህናት ብዙ እርሻ ያረሰ ሰው ነው። ያቺን ንግግር ቅዳሜና እሑድ ሳገላብጣት ሰነበትኩ።

ቅዳሜ ክፍል አሥር፣ የመጨረሻው፣ ነበር። እንዳልሄድ ተከልክያለሁ። ሄድኩ። ትርንጎ ግን ወንድሟ ሰምቶ ስለነበር ቀረች። መርከቧ ደረሰች፤ ውኃ ያለበት አረንጓዴ ምድር ታየ፤ ቤቱ በጭብጨባ ተሞላ። ከዚያ እማሆይ ሕዝቡን ሰብስበው፣ «ደክሞኛል» ብለው፣ የመርከቧን ትእዛዝ ለቀብራራው አስረከቡ። እሳቸው አትክልት ሊኮተኩቱ ሄዱ። አለቀ።

ተሳስቶ ይሆን ብዬ ደሴን አየሁት። ያን ቀን ያለ አንድ ስሕተት ነበር የተረጎመው። ሰው ሁሉ እየሳቀና እየተጨዋወተ ሲወጣ እኔ አጣናው ላይ እንደተቀመጥኩ ቀረሁ። አሥር ቅዳሜ ስሜን ያስጠፋሁለት፣ አባቴን ያስጠራሁበት ነገር እንዲህ ሊያልቅ! አለቀስኩ። የልጅነት ልቅሶ አልነበረም፤ በእኩያው የተካደ ሰው ልቅሶ ነበር።

ሰኞ በእረፍት ማይክሮፎኑ ፊት ቆምኩ። ርዕሰ መምህሩ በሩ ላይ ናቸው። በእጃቸው የጻፉልኝ ወረቀት ፊቴ ተዘርግቷል።

«ስመኝ አዳሙ ነኝ» አልኩ። «ረቡዕ የሥነ ዜጋ ክፍለ ጊዜ ትቼ ሄጃለሁ። ጥፋት ነው፤ መምህሬን ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

ርዕሰ መምህሩ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ቀጥይ ማለታቸው ነው።

«ስለ ፊልሙም እንድናገር ታዝዣለሁ። መርከቢቱ፣ ክፍል አሥር፣ መጥፎ ነው።» ትንፋሼን ሳብኩ። ወረቀቱን ገለበጥኩት። «መጥፎ የሆነው ሴት ስላየችው አይደለም። ክፍል ሰባት ላይ የሸሸ ሰው ክፍል አሥር ላይ ስለተሾመ ነው። እማሆይ አልደከማቸውም፤ ደከመኝ ያሰኟቸው የጻፉት ሰዎች ናቸው። ዘጠኝ ክፍል ሙሉ ያመኗቸውን ሴት በአሥረኛው ፈሯቸው። እኔ ግን አል—»

የማይክሮፎኑ ገመድ ተነቀለ። ያን ጊዜ ከግቢው የተሰማው ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ፤ ፉጨት፣ ጭብጨባ፣ ስድብም ጭምር። የሚሳደቡት ቀላል አልነበሩም።

ለዓመት አላገዱኝም። አንድ ሳምንት ወደ ቤት ሰደዱኝ፤ ማይክሮፎን ግን እስክመረቅ ድረስ ተከለከልኩ። ትርንጎን ወንድሟ ከእኔ ለይቶ ሌላ የኪራይ ክፍል አስገባት፤ ከዚያ ወዲያ በመንገድ ስንገናኝ ዓይኗን ትሰብራለች። ጓደኝነታችንን ያን ጊዜ አጣሁት፤ አልተመለሰም።

ቤት ስደርስ አባቴ ደጅ በርበሬ እያገላበጠ ነበር። አጠገቡ ተንበርክኬ፣ እያነጠስኩ፣ ሁሉንም ነገርኩት፤ ፊልሙን ከክፍል አንድ ጀምሬ። እጁን ሳያቆም ሰማኝ። ስጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

«የሸሸውን ነው የሾሙት?»

«አዎ።»

«እንግዲያማ ልክ ነሽ» አለና ወደ ሥራው ተመለሰ።

ደሴም ሰው ነበር። ከሳምንቱ በኋላ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠብቆኝ፣ ኮፍያውን እያሻሸ፣ «ክፍል ስድስት ላይ ጀሪካን ሲሰናበት ምን አለ? እኔ ከራሴ ነው የፈጠርኩት» አለኝ። ነገርኩት። «ዝም ካልኩ ሰው ተነሥቶ ይሄዳል፤ ስለዚህ እናገራለሁ» አለ። የማያውቁትን ከመናገር ሌላ እንጀራ ያልተሰጠው ስንት ሰው እንዳለ ያን ቀን ነው የገባኝ። በእሱ ላይ የነበረኝ ቂም እዚያው ወጣልኝ።

ዛሬ ቡሬ የእንግሊዝኛ መምህርት ነኝ። ርዕሰ መምህሩን ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ አስቤያቸዋለሁ። ስለ ገበሬዎቹ የፈሩት ሐሰት አልነበረም፤ በዚያ ዓመት ከእኛ ክፍል ሁለት ሴቶች ትምህርት አቋርጠዋል፤ በእኔ ምክንያት ይሁን በሌላ እስከ ዛሬ አላውቅም። ይህን ሳስብ እንቅልፍ የነሣኝ ጊዜ አለ። ያም ሆኖ፣ ሴት ልጅን ትምህርት ቤት ለማቆየት ዝም ማሰኘት ካስፈለገ፣ የቆየችው ማን ናት? እላለሁ።

በየዓመቱ ለተማሪዎቼ የመርከቧን ታሪክ እነግራቸዋለሁ፤ መጨረሻውን ሳልቀይር፣ እንደሠሩት። ከዚያ የእኔን ፍርድ እጨምርበታለሁ። ዘንድሮ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ተማሪ እጁን አወጣ።

«ቲቸር፣ ፊልሙን የሠሩት ሰዎች ከእርስዎ የበለጠ አያውቁም?»

«ያውቁ ይሆናል» አልኩት። «አንተስ ምን ትላለህ?»

ልጁ አሰበ። ከፊቱ የተቀመጠችው ተማሪ ግን አላስጨረሰችውም፤ እጇን ሳታወጣ ተነሥታ መናገር ጀምራ ነበር። እኔም ተቀመጭ አላልኳትም።