«ሁለቱም ሰርቨሮች ይግቡ»

ሰውን መናቅ ኃጢአት ነው እየተባልኩ ነው ያደግሁት። ቤተሰቤ ጸሎተኛ ነው። እኔም ዩኒቨርሲቲ በገባሁበት ሳምንት መምህር ሲመጣ ከወንበሬ እየተነሣሁ ሰላምታ ስሰጥ ክፍሉ ይስቅብኝ ነበር። ያም ሆኖ የቡና ገበሬዎቹ ዩኒየን ያቋቋመውን የሰርቨር ኮሚቴ ንቄዋለሁ። ብዙ ጸልዬበታለሁ፤ ንቀቱ ግን አልለቀቀኝም።

አጎቴ ከጂንካ በላይ ባለው ተራራማ ቀበሌ ቡና ያለው ገበሬ ነው። የዩኒየኑም ቦርድ አባል ነው። ኮሚቴው በተቋቋመበት ዓመት የውጭ ገዢዎች ቡናው ከየትኛው ማሳ እንደመጣ ካላዩ እንደማይወስዱ ተናገሩ። ስለዚህ የእያንዳንዱ ገበሬ ማሳ በስልክ ተለክቶ ኮምፒውተር ውስጥ እንዲገባ ተወሰነ። አጎቴም ጎረቤቶቹን ሰብስቦ «እሸት ቡናችሁን ለነጋዴ አትስጡ፤ ለቀማ ሲደርስ ዩኒየኑ ይቀበላችኋል» ብሎ ቃል ገባላቸው። እኛ ሰፈር ቃል ቀላል ነገር አይደለም። ቃሉን ያጠፈ ሰው በሚቀጥለው ዓመት ደቦ ሲጠራ ለእንግዶቹ ያፈላው የቡና ቅጠል በማሰሮ እስኪቀዘቅዝ ማንም አይመጣለትም።

መመዝገቢያው ፕሮግራም ተሠርቶ አልቋል። የቀረው አፕሊኬሽን ሰርቨር መምረጥ ነበር። ይህ ፕሮግራሙን ተሸክሞ የሚያሠራው፣ ከየቀበሌው ስልኮች የሚመጣውን ጥያቄ ተቀብሎ መልሱን የሚመልሰው ሶፍትዌር ነው። ለምርጫ ሁለት ቀረቡ፤ አንዱ አንድ ኩባንያ በፈቃድ የሚሸጠው፣ ሌላው ማንም አውርዶ በነጻ የሚጠቀምበት፣ ውስጡም ለፈለገ ሁሉ ክፍት የሆነ። አጎቴ የገበያ አማርኛ አያቅተውም፤ የቢሮው አማርኛ ከእንግሊዝኛ ጋር ሲደባለቅ ግን ይጠፋበታል። በአሪ ቋንቋ እንድመልስለት አጠገቡ አስቀመጠኝ።

የሚሸጠውን ይዞ የመጣው ሰው ከአዲስ አበባ ነበር። ጂንካ በሰነበተበት ጊዜ ከስብሰባው ይልቅ ኮልቾ መንደር ገደል ላይ ቆሞ የኦሞን ወንዝ ቁልቁል እያየ ፎቶ በመነሣት የቆየው ይበልጣል። ጥቁር ጫማው ላይ የኮልቾ አቧራ እንዳለ አዳራሽ ገባ።

«አባቶቼ፣ እኛ የምንሸጠው ዋስትና ነው። ሲስተሙ ዳውን ቢል አንድ ስልክ መደወል ብቻ!»

አጎቴ በጆሮዬ የነገረኝን ጠየቅሁት። «ስልኩን የሚያነሣው ሰው ጂንካ ነው የሚኖረው?»

«ሰፖርታችን ሪሞት ነው።»

«ሪሞት ምንድን ነው ይላል።»

«ከሩቅ ማለት ነው።»

«ከሩቅ መሆንህንማ ከጫማህ አየን» አለ አጎቴ ራሱ በአማርኛ። የኮሚቴው ሽማግሌዎች ሳቁ፤ ሻጩም አብሯቸው ሳቀ። መሰደቡ የገባው አልመሰለኝም።

ለነጻው የተከራከረው እዚያው ከተማ የሚያስተምር መምህር ነው። እኔን አላስተማረኝም፤ ግን መምህር ነውና ሲነሣ ልቤ ከእሱ ጋር ቆመ። «ክፍት ምንጭ ማለት ደቦ ነው» ሲል ደግሞ ኮራሁበት። የዓለም ፕሮግራመር ሁሉ ተሰብስቦ የሚያርሰው ማሳ ነው አለ።

«እኛ የማንን ማሳ አርሰን ነው የሚመጡልን?» አለ አጎቴ።

«እናንተ ምንም መሥራት አይጠበቅባችሁም፣ አባባ።»

«እንግዲያ ደቦ አይደለም። ሲበላሽ ማን ይነሣል?»

መምህሩ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «እኔ አለሁ።»

በኋላ በዩኒቨርሲቲው ላቦራቶሪ ውስጥ ሁለቱንም ዓይነት ጭኜ አይቻለሁ። የሚሸጠው መመሪያው ግልጽ ነው፤ የሚሳሳተውም በሥርዓት ነው። ነጻው ቀላል ነው፤ አሮጌ ኮምፒውተር ላይም አይንቀራፈፍም። የዩኒየኑ ቢሮ ባለው መብራትና ኔትወርክ ሁለቱም ደህና ዕቃ ነበሩ። አንዱን መርጦ የሚጠብቀውን ሰው መቅጠር ብቻ በቂ ነበር።

እኛ ዘንድ ሽማግሌዎች ሲሰበሰቡ እጅ አይቆጠርም። የሚቃወም እስኪጠፋ ይወራል። ለድንበር ጠብና ለጋብቻ ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም። የኮሚቴው ሰብሳቢ ግን ይህን የአባቶች ልማድ ለራሱ ፍርሃት መሸሸጊያ አደረገው። ሻጩን የላኩት ትልልቅ ሰዎች እንዳይቀየሙት፣ መምህሩም ከተማ ውስጥ እንዳያማው ሰጋና እንዲህ አለ፦ «ሁለቱንም ማስከፋት አይገባም። ሁለቱም ሰርቨሮች በዚሁ ኮምፒውተር ላይ ይግቡ። አንዱ ሲደክም ሌላው ይሸከማል። ተግባብተናል?»

ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። እነሱን አልንቅም፤ ከየት ያውቁታል? ሻጩ ግን ያውቅ ነበር። መምህሩም ያውቅ ነበር። ሁለቱም ነገሩ እንደማይሆን እያወቁ፣ የየራሳቸው ዕቃ ስለገባላቸው ብቻ ፈገግ ብለው ነቀነቁ። ከዚያ በጸሎት ተዘጋ፤ ሁለቱም «አሜን» አሉ። እኔ እንደ ትልቅ ሰው የማያቸው ሰዎች እንዲህ ሲያንሱ ያየሁት ያን ቀን ነው።

የእኛ ቀበሌ በነጻው ሰርቨር ተመዘገበ፤ ከወንዙ ማዶ ያሉት በሚሸጠው፤ የሁለቱም መዝገብ ለየብቻ ነበር። ስልኮቹ ወደ ኮምፒውተሩ የሚገቡበት በር ግን አንድ ነው። ኮምፒውተሩም ያን በር ለአንድ ሰርቨር ብቻ ነው የሚሰጠው። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሁለቱ ይሽቀዳደማሉ፤ ቀድሞ የነቃው በሩን ይይዛል፤ ሌላው ሳይነሣ ይቀራል። ስለዚህ አንድ ቀን መዝገቡ ላይ እኛ እንኖራለን፣ አንድ ቀን ማዶኞቹ ይኖራሉ። ይህን የነገረችኝ የዩኒየኑ የመረጃ ሠራተኛ ናት። እየሳቀች «ሁለት ሚስት አንድ ጎጆ አስገብተው ቁልፉን ለቀደመች ነው ያሉት» አለችኝ። እሷን በሰዓቱ የጠየቃት አልነበረም።

ለቀማው የደረሰ ቅዳሜ ከአጎቴና ከጎረቤቶቹ ጋር እሸት ቡና ተሸክመን ወደ ዩኒየኑ መፈልፈያ ጣቢያ ወረድን። እሸት አይጠብቅም፤ ከተለቀመ በዕለቱ ካልተፈለፈለ ይኮመጥጣል። ሚዛን ላይ ያለው ልጅ ስልኩን ነካክቶ ራሱን ነቀነቀ።

«አባባ፣ ስምዎ የለም።»

«ማሳዬን የለካኸው አንተ አይደለህም?»

«እኔ ነኝ።»

«ታዲያ አታውቀኝም?»

«እኔማ አውቅዎታለሁ። ሲስተሙ ነው የማያውቅዎት።»

አጎቴ ለሻጩ እንድደውል አዘዘኝ። ስልኩ ተነሣ፤ ያነሣችው ልጅ ቲኬት ክፈቱ፣ ማለትም ችግራችሁን አስመዝግቡና ወረፋ ጠብቁ አለችን። ለመምህሩ ደወልኩ። አርባ ምንጭ ሥልጠና ላይ ነኝ፣ ስመለስ አየዋለሁ አለኝ። ከበስተኋላው የሻይ ሲኒ ይንቃጨል ነበር። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «እኔ አለሁ» ያለው ይህ ሰው ነው።

ከጎረቤቶቻችን አንዷ፣ ብቻዋን ልጆች የምታሳድግ ሴት፣ ጆንያዋን ከመሬት አነሣች። «ወንድሜ» አለችው አጎቴን፣ «ነጋዴው ስሜን አያውቅም። ቡናዬን ግን ይወስዳል።»

«እኅቴ፣ አንድ ቀን ታገሺኝ።»

«እኔ እታገሣለሁ። እሸቱን ታገሥ በለው።»

ሄደች። ሌሎችም ተከተሏት፤ ነጋዴው ያቀረበላቸውን ተቀብለው ተመለሱ። የቀሩት ከአጎቴ ጋር ዳገቱን ወጥተው ቡናቸውን በማድረቂያ አልጋ ላይ ዘርግተው ከነልጣጩ የደረቀ፣ ዋጋውም የሚያንስ ጀንፈል አደረጉት። አጎቴ ሲያገላብጥ ዋለ። ጎረቤት ሲያልፍ ቀና አይልም ነበር።

ሰኞ ኮሚቴው ተሰበሰበ። ሰብሳቢው ስለ ኔትወርክና ስለ መብራት ብዙ አወራ፤ ስለ ራሱ ግን አንድም አልተናገረም። መጨረሻ ላይ እንደ ልማዱ «ተግባብተናል?» አለ።

«አልተግባባንም» አለ አጎቴ። «አንዱን ንቀሉ።»

«የትኛውን?»

«የፈለጋችሁትን። መብራት በጠፋ ቁጥር ስሜን የሚሰርቀኝ አንድ ብቻ ይሁን።»

ነጻውን ነቀሉት። የተሻለው የትኛው እንደሆነ አንድም ሰው አልጠየቀም። የተገዛ ነገር ቢነቀል ኦዲተር ይጠይቃል፤ በነጻ የመጣውን ማንም አይጠይቅበትም፤ ምክንያቱ ይህ ብቻ ነበር። መምህሩ ከሥልጠና ሲመለስ ነገሩን ሰምቶ እኔን ሰላም ማለት ተወ። እኔም ለእሱ መነሣት ተውኩ።

የእኛ ቀበሌ ማሳ እንደ አዲስ ተለካ። ለመጨረሻው ለቀማ ስንወርድ ያቺ ሴት ከሁሉ ኋላ መጣች። አጎቴ የራሱን ጆንያ ሚዛን ላይ ጫነ፤ ልጁ ስልኩን አይቶ «ስምዎ አለ» አለ። አጎቴ ዞር ብሎ አያት።

«አውርጂ እንጂ፣ እኅቴ።»

ጆንያዋን ከጀርባዋ አላወረደችም። ላቧ በአንገቷ እየወረደ ወደ ልጁ ቀረበች።

«መጀመሪያ የእኔን ስም አሳየኝ» አለችው።