የሁለት ሳምንት ቦርሳ

የሆቴሉ ሠራተኞች በሙሉ «ዚፕ» ይሏታል። ስሙን ያወጣላት ማን እንደሆነ አይታወቅም። የአስተናጋጁ ሱሪ እንግዳ ፊት ሲከዳው፣ የዘበኛው ካፖርት አልዘጋ ሲል፣ ሁሉም ወደ ምድር ቤቱ የልብስ ማጠቢያ ክፍል እየሮጠ «ዚፕ የት አለች?» ይላል። እሷም በእንፋሎትና በሳሙና ሽታ መሀል፣ ከአንሶላ ክምር ጀርባ፣ አንዲት አሮጌ የስፌት መኪና ፊት ተቀምጣ ሃያ አንድ ዓመት አሳልፋለች። አርባ ስድስት ዓመቷ ነው። ለምን አላገባሽም ብለው ሲነዘንዟት «ጥርሱ ከጥርሴ የሚገጥም አጣሁ» ብላ ታስቃቸዋለች።

የምትኖረው ከእናቷ ጋር ነው፤ ሊፍት የሌለው ሕንጻ ላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ። እናቷም የመርፌ ሰው ናቸው። አርባ ዓመት ሙሉ የተማሪ ዩኒፎርም ሰፍተዋል፤ እሷንም ታላቅ ወንድሟንም ያሳደጉት በዚያው ነው። አሁን ሰማንያ ሊሞላቸው ሁለት ዓመት ቀርቷቸዋል። ጭንቅላታቸው እንደ ምላጭ ነው፤ ጉልበታቸው ግን ከድቷቸዋል።

ከሦስት ወር በፊት፣ እናትየው ፀሐይ ልሙቅ ብለው ብቻቸውን ደረጃ ሲወርዱ ወደቁ። ሰው እስኪደርስላቸው ሁለት ሰዓት ያህል ደረጃው ላይ ተቀምጠው ቆዩ። ከዚያ ወዲህ ዚፕ ሥራ ላይ ሆና ስልኳ በጮኸ ቁጥር ልቧ ቀጥ ይላል። በምሳ ሰዓት እየሮጠች ትመጣለች፣ ሦስት ፎቅ ትወጣለች፣ አብልታ አጣጥባ ሦስት ፎቅ ትወርዳለች። ሌሊት ደግሞ እናቷን መጸዳጃ ቤት ለማድረስ ሁለቴ ሦስቴ ትነሳለች። በስፌት መኪናው ላይ እንዳለች ዓይኗ እየተከደነ ጣቷን የወጋችበት ቀን ብዙ ነው።

ወንድሟ በአውቶቡስ የአምስት ሰዓት መንገድ ርቆ፣ ደረጃ በሌለው ቤት፣ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ይኖራል። አንድ ቀን ደወለላት።

«ወደኔ ትምጣ» አለ። «እዚህ ግቢ አለ፣ ፀሐይ አለ፣ ባለቤቴም ቤት ነው የምትውለው። ከእንግዲህ እዚሁ ትኑር።»

«እሺ አትልም ጋሼ።»

«ለሁለት ሳምንት የልጅ ልጆችሽን ጠይቂ በያት። አንዴ ከመጣች ትለምዳለች።»

ዚፕ ዝም አለች፤ ዝምታዋም እንደ እሺታ ተቆጠረ። ስልኩን ስትዘጋ መጀመሪያ የተሰማት ሐዘን አልነበረም። ማንም የማይጠራት ሌሊት ታያት፤ በሩን ዘግታ ዝም ብላ የምትቀመጥበት ክፍል ታያት፤ ደስም አላት። ወዲያው በደስታዋ ደነገጠች። ሰው ያያት ይመስል ዞር ዞር ብላ አየች።

እናቷ ወሬውን ሲሰሙ እንደ ልጅ ቦረቁ።

«ሁለት ሳምንት ሙሉ? እሰይ!» አሉ። «በይ እንግዲህ ቦርሳ ስፊልኝ። የወንድምሽ ሚስት ዕቃዋን በፌስታል አንጠልጥላ መጣች እንድትለኝ አልፈልግም። ትንሽ፣ ግን ዓይን የምትሞላ።»

ፓተርኑን የሰጠቻት የልብስ ማጠቢያ ክፍሉ ኃላፊ ናት፤ ቡናማ ወረቀት ላይ የታተመ የጉዞ ቦርሳ ልክ፣ ከነመመሪያው። በአንዱ ወረቀት ላይ ሁለት መጠን ተስሎበታል፤ ትንሹ በቀጥታ መስመር፣ ትልቁ በነጠብጣብ። ጨርቁም ከዚያው ተገኘ፤ ከሆቴሉ በረንዳ ላይ የወረደ አረንጓዴ የጥላ ሸራ ነው። መሀሉን ፀሐይ በልቶታል፤ ታጥፎ የኖረው ጠርዙ ግን ገና አዲስ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት ሸራውን ወለሉ ላይ ዘረጋች፣ ወረቀቱን በስፒል አያያዘች፣ በጠመኔ አሰመረች። በትንሹ መስመር ልትቆርጥ ተንበርክካ ሳለ ሐሳብ ያዛት። በዚህ ውስጥ የብርዱ ጊዜ ሹራብ ይገባል? ሁለት ጥንድ ጫማ ይገባል? ፎቶዎቹስ? ለሁለት ሳምንት የሚሄድ ሰው ፎቶ አይዝም፤ ፎቶ የሚይዘው የማይመለስ ነው። መቀሱ በነጠብጣቡ ዞረ።

እናትየው ከወንበራቸው ሆነው የመቀሱን ድምፅ ያዳምጡ ነበር። «አምጪው እስቲ» አሉ። ዓይናቸው ስለደከመ በእጃቸው ነው የሚያዩት፤ ጠርዙን ተከትለው በስንዝር ለኩት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት።

«ይሄ ለሁለት ሳምንት ነው?»

«ሸራ አይደል እማዬ» አለች ዚፕ። «ሲሰፋ ይሰበሰባል። ያንሳል።»

አርባ ዓመት ጨርቅ ለቆረጡ ሴት! ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች ማለት ይሄ ነው። ቃሉ ከአፏ እንደወጣ ፊቷ እስከ ጆሮዋ ጋለ። እናትየው ግን አልሳቁም፣ አልተቆጡም። ጨርቁን በሥርዓት አጣጥፈው መለሱላትና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የእሷ ግን እያደር ከበደ። ሰኞ ዕለት ሦስት መርፌ ሰበረች። ማክሰኞ የዋና ሼፉን ነጭ ጃኬት የእጅጌውን አፍ ዘግታ ሰፋችው፤ ሰውዬው እጁን ቢልክ ቢልክ መውጫ አጣ። ኃላፊዋ ሳቋን ጨርሳ አጠገቧ ተቀመጠችና «ምን ነካሽ አንቺ?» አለቻት። ዚፕ ሁሉንም ነገረቻት።

ሴትየዋ እጇ ላይ ያለውን ፎጣ አጣጥፋ አስቀመጠች። «እኔም እናቴን ለእህቴ ሰጥቻለሁ» አለች። «ግን ነግሬያት ነው። አለቀሰች፣ አለቀስኩ፣ አለቀ። አንቺ ጨርሶ አልጀመርሽውም።»

ረቡዕ ማታ፣ ከሥራ መልስ ስትሰፋ፣ ቦርሳው ቅርጽ ያዘ። እናቷ ገበሩን ወጥረው ይዘውላት እሷ ዚፑን ትሰፋለች። ጨርሳ ስትሰጣቸው እናትየው ጣታቸውን በስፌቱ ላይ አስኬዱና መሀል ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«ዚፕ ዚፕ አጣመመች?» አሉ። «ጉድ ነው። ፍቺው።»

ክሩን መፍታት ጀመረች። ግማሹን እንደፈታች ተወችው።

«እማዬ፣ ሁለት ሳምንት አይደለም።»

እናትየው ገበሩን አልለቀቁም። «ስንት ነው?»

«ጋሼ እዚያው ትኑር ነው የሚለው። እኔም እሺ ብያለሁ።»

«ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ» አሉ ቀስ ብለው። «ሸራ ሲሰፋ ያንሳል ስትዪኝ ነው የጠረጠርኩት። ዛሬ ትነግረኛለች፣ ነገ ትነግረኛለች እያልኩ አራት ቀን ጠበቅሁሽ።»

«ደረጃው ነው እማዬ። አንድ ቀን ብትወድቂብኝስ እያልኩ...»

«ደረጃው ብቻ ነው?»

አዎ ልትል ነበር፤ ቃሉ ከምላሷ ጫፍ ደርሶ ነበር። «አይደለም» አለች። «ደክሞኛል። ብቻዬን እሆናለሁ ብዬ ሳስብ ደስ አለኝ። ይቅር በይኝ እማዬ፣ ደስ አለኝ።»

ከታች ካለው ቤት ሬዲዮ ይሰማል። እናትየው ገበሩን ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

«የደከመው እግሬ ነው እንጂ ጭንቅላቴ አይደለም» አሉ። «እንደ ሕፃን በከረሜላ ታታልሉኛላችሁ? ብትነግሪኝ አልሄድም ብዬ እጮህ ነበር። ልጩህ! ጩኸቱ የራሴ ነው። እሱን እንኳ ቀማችሁኝ።»

ይቅር ብዬሻለሁ አላሉም። በማግስቱ ሐሙስ ቀኑን ሙሉ ከአፋቸው የወጣው «ውሃ»፣ «ዱላዬን አቀብዪኝ»፣ «መብራቱን አጥፊ» ብቻ ነበር። ዚፕም የታዘዘችውን እየፈጸመች፣ እንደ ቤት ሌባ ግድግዳ ግድግዳውን ትሄዳለች። ተቆጥተው ቢሰድቧት ምንኛ በወደደች።

ዓርብ ጠዋት እናትየው «ስልኩን አምጪ» አሉ። ለወንድ ልጃቸው ደወሉ።

«ስማ» አሉት፣ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድሙ። «እመጣለሁ። ሦስት ወር አየዋለሁ። ከተመቸኝ እቆያለሁ፤ ካልተመቸኝ በጀርባህ አዝለህ ሦስተኛ ፎቅ ትመልሰኛለህ። መስኮት ያለው ክፍል እፈልጋለሁ። ደግሞ ከእንግዲህ ስለኔ ስትመክሩ እኔም ልኑርበት።»

ከወዲያ በኩል «እሺ እማዬ፣ እሺ እማዬ» ሲል ይሰማል። ስልኩን ዘጉና ወደ ዚፕ ዞሩ።

«ቦርሳው እንደተቆረጠው በትልቁ ይሁን። ሹራቤንም ፎቶዬንም መቀሴንም ነው የምወስደው። ታቹን ድርብ ስፊው፤ መንገድ ላይ እንዳይዘረግፈኝ።»

ዓርብና ቅዳሜ አብረው ሰፉ። እናትየው ማንገቻውን ለማንም አልሰጥም ብለው በእጃቸው ያዙት፤ ክር በመርፌ የምታስገባላቸው ዚፕ ናት፣ የሚወጉት እሳቸው። ወሬያቸው ስለ ስፌቱ ብቻ ነበር። «ጠበቅ አድርጊ»፣ «እዚህ ጋ እጥፉ በዝቷል»፣ «አሁን ሆነ»። ከዚያ በላይ ዚፕም አልደፈረችም።

እሑድ ጠዋት ሁለት ጎረቤቶች እናትየውን በወንበር ተሸክመው ሦስቱን ፎቅ አወረዷቸው። አውቶቡሱ ላይ ረዳቱ ቦርሳውን ከላይ ልጫን ቢል እምቢ አሉ፤ ጭናቸው ላይ አቀፉት። ዚፕ እስከዚያው ቤት ድረስ አብራቸው ሄደች፣ መስኮቱ አጠገብ አልጋቸውን አነጠፈች፣ በማግስቱ ለመመለስ ተነሳች። ጉንጫቸውን ስማ ስትሰናበታቸው እናትየው እጇን ለአፍታ ያዙት።

«በይ ሂጂ ተኚ» አሏት።

የደግ ቃል ይሁን የቂም፣ እስከ ዛሬ አልገባትም። ያን ምሽት ግን ሳትገላበጥ አሥር ሰዓት ሙሉ ተኛች። ለዓመታት እንዲህ ተኝታ አታውቅም። ስትነቃ ሰውነቷ እንደ ላባ ቀሎ ነበር፤ ይሄ ሲገባት አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።

ሦስት ወሩ ሲያልቅ እናትየው «ሌላ ሦስት ወር ልየው» አሉ። አንዳንድ ቀን ሲደውሉ ድምፃቸው ሞቅ ብሎ፣ የምራታቸው የመጋረጃ እጥፍ እንደ እባብ እንደሚሄድና ፈትተው እንዳስተማሯት ያወራሉ። አንዳንድ ቀን ደግሞ «ግቢው ሰፊ ነው፤ የማወራው ሰው ግን የለም» ይላሉ። ያን ቀን ዚፕ ምሳ አይወርድላትም። በየአሥራ አምስት ቀኑ እየተሳፈረች ትሄዳለች።

ባለፈው ወር ቅዳሜ እኩለ ቀን ስትደርስ እናቷን ፀሐይ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ «ስንት ቀን ትቆያለሽ?» አሏት። ሆቴሉ ብዙ እንግዳ ስለነበረበት እሑድ ከሰዓት ተጠርታ ነበር። ሦስት ቀን ብላ ነገ ሰበብ መፍጠር ትችል ነበር፤ ፊታቸው ሲበራ ማየትም አምሯት ነበር።

«ነገ ጠዋት እመለሳለሁ እማዬ» አለች። «ሥራ አለብኝ።»

የእናትየው ፊት ጠቆር አለ። አጠገባቸው ያለውን ወንበር በዱላቸው ሳብ አድርገው «እንግዲያው ጊዜውን ቆመሽ አትጨርሺው» አሉ። «ተቀመጪ።»