ማን አረዳት?

ከአክስቴ ጋር ፊልም ማየት መከራ ነበር። ለንደን፣ አርችዌይ ባለችው ጠባብ ፍላታችን እሁድ ከሰዓት ቴሌቪዥን ስንከፍት፣ ሰዎቹ የሚሰሟት ይመስል ትመክራቸዋለች፣ ትሰድባቸዋለች። እንግሊዝኛው ሲያስቸግራት እኔ እተረጉምላታለሁ። ሳምንቱን ሙሉ ፓርክ ሮያል ፋብሪካ ሳንድዊች ስጠቀልል ከርሜ፣ እሁድ ደግሞ አስተርጓሚ!

አገር ቤት መንግሥት ከተለወጠ ሁለት ሦስት ዓመት ሆኖታል። ያን እሁድ የታየው ከሥሩ እንግሊዝኛ የሚጻፍበት የጀርመን ፊልም ነበር። ጦርነቱ አልቋል፣ ከተማው ፈርሷል። ባሏ ከጦር ሜዳ ያልተመለሰ አንዲት ሴት ከፍርስራሽ ውስጥ ጡብ ትለቅማለች። ባቡር በመጣ ቁጥር ፎቶውን ይዛ ጣቢያ ትቆምና ከምርኮ የሚመለሱትን ወታደሮች “አይታችሁታል?” ትላለች።

ይህችን ሴት አክስቴ አልመከረቻትም፣ አልሰደበቻትም። የእሷም ባል መኮንን ነበር፤ ወደ ሰሜን ግንባር እንደሄደ ቀረ። መንግሥቱ ሲወድቅ ፎቶውን አዲስ አበባ ልካ ዘመድ በየካምፑ አዞረላት። አየሁት ያለ የለም፣ ሞተ ያለም የለም። መርዶ ስላልመጣ ለቅሶ አልተቀመጠችም። ክላፋም የሚኖር አንድ ደግ የአውቶቡስ ሾፌር ሽማግሌዎች ቢልክባት “ባለትዳር ነኝ” ብላ መለሰቻቸው። ዕድሜዋ እንዲሁ ሲያልቅ ማየት ያንገበግበኝ ነበር።

በፊልሙ ውስጥ ሴትዮዋ አንድ ጠዋት ቢሮ ሄዳ “ባሌ ሞቷል፣ መዝግቡልኝ” አለች። ከዚያ ቤቷ ገብታ፣ በሯን ዘግታ፣ ብቻዋን አለቀሰች።

“ማን አረዳት?” አለች አክስቴ።

“ማንም። ራሷ ናት።”

“ወይ ጉድ! ሞት እንደ ካውንስል ኪራይ ቤት አፕላይ ይደረጋል እንዴ?”

ተነስታ ቴሌቪዥኑን ድርግም አደረገችው። መጨረሻውን እንይ ብላት “ይቅርብሽ” አለችኝ። ፊልሙን የሠራሁት እኔ ይመስል ሳምንቱን ሙሉ አኮረፈችኝ።

ዓርብ ዕለት ሳህን እያጠበች፣ ፊቷን ሳታዞር፣ “ለአባባ ደውይላቸው” አለች። አባባ የምንላቸው የሰፈሩ አበሻ ሁሉ የሚያከብራቸው ሽማግሌ ነበሩ። “እሁድ ማለዳ ሰው ይዘው ይምጡና ያርዱኝ። እንደዚያች ብቻዬን አላደርገውም።”

እጄ ላይ የነበረውን ፎጣ አስቀምጬ ወደ ስልኩ ሄድኩ።

“የክላፋሙን ሰውዬ ግን እንዳትጠሪ” አለችኝ ከኋላዬ።

እሁድ ጎህ ሲቀድ አባባ ጥቂት ወንዶችና ሴቶች አስከትለው መጡ። አክስቴ ጥቁር ለብሳ ራሷ ከፈተችላቸው። ስንት ቤት መርዶ ያደረሱት ሰው መሬት መሬት ያያሉ።

“ይበሉ እንጂ አባባ፣ ይንገሩኝ” አለች።

“ልጄ፣” አሉ፣ “ባልሽ ሞቷል።”

ሁሉንም ያሰናዳችው እሷ ናት። እንዲያም ሆኖ ጮኸች፤ ገና አሁን እንደሰማች ሰው ደረቷን እየደቃች ጮኸች። ሴቶቹ ደግፈው አስቀመጧት። በልጅነቴ ትከሻው ላይ አድርጎ ያዞረኝ የነበረው ያ ረጅም ሰውዬ ትዝ አለኝና እኔም አለቀስኩ።

ጩኸቱ የታችኛው ፎቅ ጎረቤታችንን ቀስቅሷቸው ኖሮ እንግሊዛዊቷ አሮጊት በሌሊት ልብሳቸው ደረጃው ላይ ቆመው አገኘኋቸው። የአክስቴ ባል መሞቱን ነገርኳቸው። እጄን ያዙኝ።

“እኔን! መቼ ነው የሞተው?”

“አሁን” አልኳቸው።