የጥጃው ሐቅ

ከድንበር ማዶ፣ ኮድቡር ሰፈር የተከራየሁበት ግቢ ባለቤት ድሬዳዋ ያደጉ ሶማሌ ናቸው። የገባሁ ቀን «አንቱ» ብላቸው፣ «ኧረ ተይኝ! ድሬ ላይ አንቱ የሚባል ሰው የለም» ብለው ሳቁብኝ። እኔ የወሎ ልጅ፣ አፌ እንቢ አለኝ። ኤዶ እላቸዋለሁ፤ በሶማልኛ አክስቴ እንደማለት ነው።

ኤዶ አንዲት ቀይ ላም አለቻቸው። ከነጥጃዋ ግቢው ውስጥ ታድራለች። አስተላለባቸው ከአባታቸው የወረሱት ነው፦ ቀኝ ሁለቱ ጡት የሰው፣ ግራ ሁለቱ የጥጃው። የጥጃውን ወገን የሰው እጅ አይነካውም፤ ሐቁ ነዋ። ታዲያ ጥጃው ወደኛ ወገን ዞር ሲል አፍንጫውን መታ ያደርጉና «አንተ ሌባ!» ይሉታል።

በኋላ ላሟ መራገጥ ጀመረች። ጥጃውም ከሳ፣ ጎድኑ ወጣ። ኤዶ «ልጇን ጠልታለች» ብለው እንዲሸጥላቸው ለደላላ ነገሩ። ለዕርድ እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ሲያልቧት በሶማልኛ ያባብሏታል፣ በአማርኛ ይቆጧታል፣ በሻሻቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። አላስችል አለኝ።

ዋሄን ገበያ ሄጄ የከብት መድኃኒት የሚሸጠውን ሰው ጠየቅሁት። «ግቷ ታሞ ይሆናል፤ ከላይ ላይታይ ይችላል» አለኝ። «ከየጡቱ ለይታችሁ እለቡ። ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና በውኃ በጥብጣችሁ ጨምሩበትና አወዛውዙት። ከወፈረ፣ ሕመም አለ።»

ሰሃን ደርድረን የኛን ሁለቱን ሞከርን። ወተቱ እንደቀጠነ ቀረ።

«ይኸው! ጤነኛ ናት፤ ዐመሏ ነው።»

«የጥጃውስ ጡት፣ ኤዶ?»

«አስተግፊሩላህ! አፍ የሌለውን ፍጡር ሐቅ ልታስነኪኝ?»

«ልናየው እንጂ ልንጠጣው አይደለም።»

ኤዶ ሰሃኑን አነሱ። ከዚያ ወደ ጥጃው ጎንበስ ብለው «አውፍ በለኝ የኔ ጌታ፤ ጠብታ ነው» አሉት።

የግራው የፊተኛ ጡት ደህና ነበር። የኋለኛው ግን ሰሃኑን ሳወዛውዘው እንደ እንቁላል ነጭ ተዝለገለገ። ኤዶ ግቷን በመዳፋቸው ዳሰሱ፤ በዚያ በኩል ይፋጃል። ላሟ ተራገጠች። እሳቸው ግን ላሟንም እኔንም ትተው ጥጃውን ያዩ ነበር።

«ርቦህ ነው ለካ ወደኛ የምትዞረው» አሉት። «እኔ ደግሞ ሌባ እልሃለሁ።»

የከብት ሐኪም መጥቶ መድኃኒት ሰጣት፤ መድኃኒቱ ከሰውነቷ እስኪወጣ ሰው ወተቷን እንዳይጠጣ አለን። ደላላውም መጣ።

«እሜቴ፣ ላሟስ?»

«ታማለች። የታመመ ይጠየቃል እንጂ አይሸጥም። ግባ፣ ሻይ ጠጣ። ወተት ግን የለውም።»

በማግስቱ ጥጃውን በኛ ወገን ለቀቅነው። ቀረብ አለና ጡቱን ሳይይዝ ቆመ፤ ዓይኑን ጨፍኖ አፍንጫው እስኪመታ ይጠብቃል። ኤዶ ሁለት እጃቸውን ወደ ኋላ አጣመሩ።

«ጥባ» አሉት ቀስ ብለው። «ቢስሚላህ በልና ጥባ።»