ቀለሟ የነጣው የወንድሜ መኪና

ታላቅ ወንድሜ ከሞተ አርባ ቀን ሞላው፤ ንዴቴ ግን አልበረደም። እኔ ያለ አስተማሪ ራሴን ያሠለጠንኩ ሰው ነኝ። በመካነ ሰላም ከተማ፣ ፀሐይ ያነጣውን የመኪና ቀለም እንደ እኔ የሚያበራ የለም። የእሱን አሮጌ ፒካፕ በየፋሲካው ጥላ ሥር አጥቤ፣ በጥርስ ሳሙና ፈትጌ፣ ሰም ቀብቼ መስታወት አስመስላት ነበር። እሱ ግን ጢሙን ኮፈኗ ላይ እያየ፣ «ድሮም እንዲህ ነበረች» ይል ነበር።

«አያ፣ ጠዋት እኮ አመድ መስላ ነበር!»

«ዓይንህን ታከም።»

ትናንት ለተዝካሩ ወልውዬ ደጁ ላይ አቆምኳት። ጎረቤቱ ሁሉ፣ «እጅዎ ይባረክ፣ አዲስ አደረጓት!» አለኝ።

«ዝም በሉ!» ብዬ ጮህኩባቸው። የእነሱን ምስጋና ምን ላድርገው? ሃያ ዓመት የፈተግኩት ከእሱ አፍ አንዲት «ጎበዝ» ለመስማት ነበር፤ እሷን እንኳ ነፍጎኝ ሄደ።